የጃንጎ ሰነድ፦ አንባቢውን እያሰበ የተጻፈ ቴክኒካዊ መመሪያ

የአብዛኞቹ የሶፍትዌር ሰነዶች ችግር የተሳሳተ ነገር መጻፋቸው ሳይሆን፣ የሚያነባቸው ሰው በዚያች ሰዓት ምን ግራ ሊያጋባው እንደሚችል አለማሰባቸው ነው። በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ድረ ገጽ ለመሥራት የሚያገለግለው ጃንጎ የተባለው ሶፍትዌር ሰነድ ከዚህ ችግር በብዙ የተላቀቀ ነው። ጃንጎ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በላውረንስ ከተማ በሚገኝ ጋዜጣ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀ ሲሆን፣ የጋዜጣ ቤት ልጅ መሆኑ በአጻጻፉ ላይ የሚታይ ይመስለኛል።

የሰነዱ ጥንካሬ ጎልቶ የሚወጣው ለጀማሪዎች በተዘጋጀው ተከታታይ ትምህርት ላይ ነው። ትምህርቱ ንድፈ ሐሳብ ሳይደረድር በቀጥታ አንድ አነስተኛ የድምፅ መስጫ ድረ ገጽ ወደማሠራት ይገባል። ተማሪው የሙከራ ሰርቨሩን፣ ማለትም ድረ ገጹን በራሱ ኮምፒውተር ላይ እያሠራ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ሲያስነሳ ስክሪኑ ላይ ስለ ዳታቤዝ (የድረ ገጹ መረጃ ማከማቻ) የሚያስጠነቅቅ መልእክት ይመጣበታል፤ ሌላ ሰነድ ቢሆን በዝምታ ያልፈው ነበር፤ ይህኛው ግን ለጊዜው እንዲተወውና በኋላ እንደሚመለሱበት ነግሮ ያረጋጋዋል። ወረድ ብሎም ሰርቨሩ ለእውነተኛ አገልግሎት እንዳይውል ሲያሳስብ፣ የአዘጋጆቹ ሥራ ሰርቨር መሥራት እንዳልሆነ የምትናገር ፈገግ የምታሰኝ ሐረግ ጣል ያደርጋል። ቀልዱ የሚያምረው የክልከላውን ምክንያት ስለያዘ ነው፤ ለማሳቅ ብቻ የገባ ቀልድማ በሁለተኛው ንባብ ይሰለቻል።

ከሁሉም የምወደው የትምህርቱን አምስተኛ ክፍል ነው። ተማሪው እስከዚያ የጻፈው ኮድ አንድ የድምፅ መስጫ ጥያቄ በቅርቡ የወጣ መሆን አለመሆኑን የሚመልስ ተግባር (ፈንክሽን) ይዟል፤ ተግባሩ ግን የመውጫ ቀኑ ገና ላልደረሰ ጥያቄም «አዎ» ብሎ ይመልሳል። ስህተቱን ያጻፈው ሰነዱ ራሱ ነው። አሁን ከ30 ቀን በኋላ የሚወጣ ጥያቄ አስፈጥሮ ጉዱን ያሳየዋል፤ ስህተቱን የሚያጋልጥ ፍተሻ፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ፣ ያስጽፈዋል፤ ፍተሻው ሲወድቅ ካየ በኋላም ኮዱን ያስተካክል ዘንድ ይመራዋል። ከዚያ በፊት ስለ ፍተሻ ጥቅም የቀረበው ረዘም ያለ ማብራሪያ ቢቀር የሚጎድል ነገር አልነበረም፤ አንባቢን የሚያሳምነው ይህ ልምምድ ነው።

ጠቅላላው ሰነድ በአራት ይከፈላል፦ ጀማሪን እጁን ይዞ የሚመራ ትምህርት፣ ሐሳቦችን የሚያብራራ ጽሑፍ፣ ለአንድ የተወሰነ ሥራ የተዘጋጀ መመሪያና ዝርዝር ማጣቀሻ። ሊማር የመጣና አንዲት ነገር ፈልጎ የመጣ ሰው አንድ ገጽ ላይ አይጋፉም።

ማጣቀሻው ላይ ሲደረስ ግን ይህ ሰብዓዊ ድምፅ ይሳሳል። ከዳታቤዝ መረጃ የማውጫ ዘዴዎችን የሚዘረዝረው ገጽ እጅግ ረጅም በመሆኑ፣ በገጹ ውስጥ ቃል ፈልጎ ካልሆነ በቀር የሚሹትን ማግኘት ያደክማል። በክላስ (ከሌላው ባሕርይ ሊወርስ በሚችል የኮድ ንድፍ) ላይ የተመሠረቱ ቪውዎችን፣ ማለትም ገጽ ሲጠየቅ ምላሽ የሚሰጡ የኮድ ክፍሎችን፣ የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ ክላስ ከሌላው ምን እንደወረሰ ለማወቅ ከገጽ ገጽ መመላለስ ግድ ነው፤ ተከታታይ ትምህርቱን የጻፈው እጅ እዚህም ቢገባበት መልካም ነበር።

ሰነዱ በነጻ ይነበባል። ማንበብ የሚጀምር ሰው ግን በገጹ ግርጌ ያለውን የቅጂ መምረጫ ኮምፒውተሩ ላይ ከጫነው የጃንጎ ቅጂ ጋር አስቀድሞ ያስማማ፤ ይህን ካላደረገ ትምህርቱ የሚያሳየው ኮድና እርሱ የሚያየው ውጤት ላይገጥሙ ይችላሉ።