ለእማማ ምስጋና፣ ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወላጆች። ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ልጽፈው ልጽፈው እያልኩ ያሳደርኩት ነገር ነው። ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ቤታችሁ ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ጀሞ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ኮሚናል (የነዋሪው የጋራ ቤት) ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ትንንሽ ልጆችን ስዕልና የእጅ ሥራ የሚያሠሩ እናት አሉ። ብዙ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ልጆቹ "እማማ" ይሏቸዋል፣ እኛ ወላጆቹም ያንኑ ይዘን ቀረን። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ምስጋና ልጽፍልዎት ነው ስላቸው "ጻፊ ልጄ፣ ስሜን ግን ተይው" ብለውኛል።

እንዴት እንደደረስንባቸው ልንገራችሁ። ልጄ ያኔ አራት ዓመት ከመንፈቅ ነበረች። ቀድሞ የነበረችበት ትምህርት ቤት "አርት" የሚሉት ክፍለ ጊዜ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ስዕል ማቅለም ነበር። ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ቢራቢሮ። ከመስመር የወጣ ቀለም በቀይ እስክሪብቶ ይከበባል። አንድ ቀን ደብተሯን ስገልጥ የሷ ቢራቢሮ ላይ ሦስት ቀይ ክብ አየሁ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ወረቀትና ከለር ስሰጣት "አንቺ ሳይልኝ፣ እኔ አልችልም" ማለት ጀመረች። በፊት ግድግዳውን ሁሉ የምትሞነጭር ልጅ ነበረች። የግድግዳው ቀለም ናፈቀኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

እማማ ጋ የወሰደችኝ ጎረቤቴ ናት። የመጀመሪያው ቀን ልጄ ቀሚሴን ጨብጣ አልላቀቅ አለች። እማማ አላባበሏትም፣ አልለመኗትም። ትንሽ ሊጥ ቆርሰው መዳፏ ላይ አስቀመጡና ወደ ሌሎቹ ልጆች ሄዱ። በቃ። ጨመቀችው፣ አድቦለቦለችው፣ በጣቷ ወጋችው፣ ትንሽ ቆይቼ ሳይ ቀሚሴን ለቃ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች።

የሊጡን ነገር ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ልናገር። ሁለት ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውሃ። ውሃውን ጠብ እያደረጋችሁ ታሹታላችሁ፣ እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ደርሷል። ቢጫ ከፈለጋችሁ እርድ፣ ሮዝ ከፈለጋችሁ የቀይ ሥር ውሃ። የተሠራውን ነገር ሳሳ አድርጋችሁ ለጥቂት ቀናት አየር ላይ ብትተዉት ይደርቃል፣ ከዚያ ቀለም መቀባትም ይቻላል። አንድ ነገር ግን አደራ። ጨው ስለሚበዛበት ልጆች እንዳይበሉት ተቆጣጠሩ። እማማ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከመጣ ወላጅ አብሮ ካልተቀመጠ አያስጀምሩም፣ ቆርኪና ዶቃ የመሳሰሉትን ጥቃቅን ነገሮች ደግሞ ለእነሱ ጭራሽ አያቀርቡም። ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላላ። መቀሶቻቸውም ሁሉም ጫፋቸው ድቡልቡል ነው።

ማጣበቂያ አይገዙም። ዱቄት በውሃ በጥብጠው፣ እሳት ላይ እያማሰሉ፣ እንደ ቀጭን ገንፎ ሲሆን ያወርዱታል። ልጆቹ በጣታቸው ይቀቡታል። ወረቀቱ ያለፈ ዓመት ካላንደርና ጋዜጣ ነው። የእንቁላል ካርቶኑ አባጨጓሬ ይሆናል፣ የሶፍቱ ጥቅልል ቀጭኔ ይሆናል፣ ሃይላንዱ ተቆርጦ የቀለም ዕቃ ይሆናል። ድንች ለሁለት ከፍለው ቅርጽ ያወጡለትና ማኅተም ይሆናል። ግማሽ ሽንኩርት ቀለም ነክታችሁ ወረቀት ላይ ብታትሙት እንዴት ያለ ክብ በክብ እንደሚያወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከሁሉም ልጆቹን ያስጮኻቸው የቀይ ጥቅል ጎመኑ ቀን ነው። እማማ ጎመኑን ቀቅለው ወይን ጠጅ የመሰለውን ውሃ በትንንሽ ብርጭቆ ቀዱላቸው። አንዱ ላይ ሎሚ ጨመቁ፣ ሮዝ ሆነ። ሌላው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነሱ፣ ወደ ሰማያዊ ሄደ። በዚያው ውሃ ሥዕል ሣሉበት። ልጄ ማታ ለአባቷ ስትነግረው ቃላቱ እየቀደሟት ትንፋሽ ያጥራት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ወረቀት ሽመና ነበር። ሁለት ቀለም ያለውን ወረቀት በቀጫጭኑ ቆርጦ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ ማጠላለፍ። እማማ ከቤታቸው የቆየ ሰፌድ ይዘው መጥተው ነበር፤ አለላው እንዴት ተራ ጠብቆ እንደሚገባ በጣታቸው እያስነኩ አሳዩአቸው። ልጄ ቤት እንደገባች እናቴ ጋ ሄዳ "አያቴ፣ አንቺም ትችያለሽ?" አለቻት። እናቴ ስንደዶና አክርማ ከነካች ስንት ዘመኗ! በሳምንቱ መርካቶ ሰው ልካ አስገዛች። አሁን ማታ ማታ ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ ወረቀት፣ አንዷ ስንደዶ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ለዚህ ብቻ እንኳን እማማን ባመሰግን አይበዛም።

የባለቀለም መስታወቱንም ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጥቁር ካርቶን መሃሉን በስተው ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም የከረሜላ ላስቲክ ከጀርባው ይለጥፉበታል፣ ከዚያ መስኮት ላይ ይሰቅሉታል። ፀሐይ ስትወጣ ወለሉ በቀለም ይሞላል። እማማ ያን ዕለት ስለ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አወሩላቸው። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሠሩት መስታወት ሦስት ክፍል እንዳለው፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ እንደሚያሳይ፣ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር እንደሆነ። "ከዚህ ክፍል ይበልጣል?" ብሎ አንዱ ልጅ ጠየቀ። እማማ ክፍሉን በእርምጃ ለክተው፣ ልጆቹን ይዘው ወደ ግቢው ወጡና በኖራ መስመር እያሰመሩ ስፋቱን አሳዩአቸው። እንዲህ ዓይነት አስተማሪ ናቸው።

እኔም ተምሬያለሁ። ልጄ መጀመሪያ በራሷ የሣለችው ሰው አንድ ትልቅ ክብ ነበር፣ እግሮቹ ከጭንቅላቱ የወጡ። እኔ ቸኩዬ "ሆዱ የታለ?" አልኳት። እማማ ዝም አሉና ልጆቹ ሲወጡ ጠሩኝ። "በዚህ ዕድሜ ሰውን እንዲህ ነው የሚሥሉት፣ ሆዱ በጊዜው ይመጣል። አንቺ ምንድን ነው ብለሽ አትጠይቂያት፣ ንገሪኝ በያት" አሉኝ። ማታ "እስኪ ስለ ሥዕልሽ ንገሪኝ" ስላት ግማሽ ሰዓት አወራችልኝ። ክቡ ሰው የኛ ጥበቃ ጋሼ ነበሩ፣ ዝናብ ላይ የቆሙ። እማማ በልጅ ሥራ ላይ እጃቸውን አያሳርፉም። ልጁ ቢያለቅስም አይሥሉለትም፤ አጠገቡ ተቀምጠው በራሳቸው ወረቀት ላይ ይሥላሉ እንጂ። ልጄ "አልችልም" ማለት ያቆመችው መቼ እንደሆነ ቀኑን አላውቀውም። አንድ ቀን ግን ከሰማሁት እንደቆየ ትዝ አለኝ።

የእንቁጣጣሹ ነገር እንዲህ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ወንድሞቼ ጳጉሜን ሙሉ አበባና መላእክት ሲሥሉ ይከርሙና በዓሉ ጠዋት ለየጎረቤቱ ያድሉ ነበር። አሁን አብዛኛው ልጅ የታተመ ገዝቶ ነው የሚዞረው። እማማ ነሐሴ መጨረሻ ላይ "ዘንድሮ ማንም አይገዛም" አሉ። ወንድ ሴት ሳይሉ ሁሉንም አሣሉ። ልጄ 15 ሥዕል አዘጋጀች። ሁሉም አደይ አበባ፣ አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም፣ አንዱ እንዲያውም ሐምራዊ ነው። ጠዋት ከአያቷ ጋር አራቱን ፎቅ አዳረሰች። የመጨረሻውን ለጥበቃው ጋሼ ሰጠቻቸው። ኪሳቸውን ዳብሰው የሰጧትን ብር እሷ እስካሁን አልነካችውም።

ለመላክ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከ12 ልጅ በላይ አይቀበሉም፣ አሁን ግን ሁለት ልጆች ሰፈር ስለቀየሩ ክፍት ቦታ አለ። ክፍያው አይከብድም፣ ወንድም ወይም እህት ካለ ለሁለተኛው ግማሽ ነው። ልብስ ይበላሻል፣ የእርድ ቀለም አይለቅምና አሮጌ ልብስ አልብሷቸው። ሰዓት አክባሪ ናቸው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። በየሳምንቱ የሚያምር ነገር ይዞ እንዲመጣ የምትጠብቁ ከሆነ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ አንዳንድ ቅዳሜ ልጃችሁ ይዞ የሚመጣው በቀለም የራሰ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ንገረኝ በሉት።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ባትልኩም የእንቁላል ካርቶንና ያለፈ ዓመት ካላንደር አትጣሉብኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስዳለሁ። እማማ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበችልዎት፣ ሐምራዊዋ አደይ አበባ ጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ እስካሁን ተለጥፋ አለች።