ዓሣ ሲበላ የማይናገረው መርማሪ

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ወርዶ ቆሮሶ አስጠብሶ የበላ ሰው እንደሚያውቀው ዓሣ ላይ ወሬ አይበዛም። ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ የተጠበሰው ዓሣ ከዳጣና ከዳቦ ጋር ሲቀርብ በጓደኛሞች መካከል የሞቀው ክርክር እዚያው ይቋረጣል፤ አንድም ትኩስ ስለሆነ፣ አንድም አጥንቱ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ጥቂት ርቀው ትርፍራፊውን ይጠባበቃሉ። ጣሊያናዊው ደራሲ አንድሪያ ካሚሌሪ የፈጠረው መርማሪ ሳልቮ ሞንታልባኖ እዚህ ወንበር ስቦ ቢቀመጥ ባይተዋር የሚሆን አይመስለኝም። ሞንታልባኖ እየበሉ ማውራትን እንደ ነውር ይቆጥራል፤ አብሮት የተቀመጠው ሰው ስለ ሬሳ ሊነግረው ቢቸኩል እንኳ ሳህኑ ሳይጸዳ መልስ አያገኝም። ከምሳ በኋላ በወደቡ ግንብ ላይ በእግሩ ይሄድና መብራት ቤቱ ሥር ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያስባል። ባለፈው ክረምት የዚህን መርማሪ ታሪኮች ተከታትዬ ያነበብኩት አብዛኛውን ጊዜ ፍቅር ሐይቅ ዳር ነበርና የእርሱ ባሕርና የእኔ ሐይቅ በሐሳቤ ውስጥ ከተቀላቀሉ ቆይተዋል።

ካሚሌሪ በ1925 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲሲሊ ደሴት ላይ ፖርቶ ኢምፔዶክሌ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ዕድሜውን ያሳለፈው በቲያትርና በቴሌቪዥን አዘጋጅነት ሲሆን፣ የመጀመሪያው የሞንታልባኖ መጽሐፍ «የውሃ ቅርጽ» በ1994 ሲታተም ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። የዋና ገጸ ባሕርዩን ስም የወሰደው ከሚያደንቀው የስፔን ደራሲ ከማኑኤል ቫስኬዝ ሞንታልባን ነው። ከዚያ በኋላ ብዕሩ አልቆመም፤ ዓይኑ ሲጠፋ እንኳ በቃሉ እየነገረ ያስጽፍ ነበር። በ2019 ሐምሌ ወር ካረፈ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ አስቀድሞ ጽፎ በአሳታሚው ዘንድ በአደራ ያስቀመጠው የመጨረሻው መጽሐፍ ወጣና የረጅም ልብ ወለዶቹ ቁጥር 28 ደረሰ። ሁሉም የሚፈጸሙት ቪጋታ በምትባል፣ በካርታ ላይ በማትገኝ ከተማ ነው፤ ለቪጋታ መነሻ የሆነችው ግን የደራሲው የትውልድ ከተማ ናት። እኔ ያነበብኩት 11 መጻሕፍት ሲሆን፣ ሁሉንም በስቲቨን ሳርታሬሊ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው።

የወንጀል ልብ ወለድ ሲባል ብዙዎቻችን የለመድነው ከሼርሎክ ሆምስ የወረስነውን መንገድ ነው፤ ገዳዩ ይጋለጣል፣ እጁ ይያዛል፣ መጽሐፉ ይዘጋል። ካሚሌሪ ገዳዩን የሚነግረን ገና ሌላ ጥያቄ ሊጠይቀን ነው። እውነቱን ያወቀው ፖሊስ ለማን ሊያስረክበው ነው? «የውሃ ቅርጽ» ላይ ሉፓሬሎ የተባለ ኢንጂነርና ፖለቲከኛ ከከተማው ዳር፣ ሴተኛ አዳሪዎችና ዕፅ ሻጮች በሚውሉበት ሜዳ መኪናው ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ልቡ ቀጥ ብሎ ነው የሞተው፤ ወንጀል የለም። ከላይ ያሉት ሁሉ ፋይሉ ቶሎ እንዲዘጋ ይፈልጋሉ፣ ሞንታልባኖ ግን ሁለት ቀን ስጡኝ ብሎ ይለምናል። የመጽሐፉ ርእስ የመጣው ከአንድ የልጅነት ትዝታ ነው፤ አንድ ልጅ ቅርጻቸው የተለያየ ዕቃዎች ላይ ውሃ ሞልቶ የውሃ ቅርጽ ምን ዓይነት ነው ብሎ ይጠይቃል። ውሃ የያዘውን ዕቃ ይመስላል። ሬሳውም እንዲሁ ነው፤ ያስቀመጡት ሰዎች የፈለጉትን ታሪክ እንዲመስል ተደርጓል።

በዚሁ መጽሐፍ ልቤን የነካው ግን ኢንጂነሩ አልነበረም። ሬሳውን ያገኙት ሁለቱ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች በቅየሳ ሙያ ዲፕሎማ ያላቸው፣ ሥራ ስላጡ መጥረጊያ የያዙ ወጣቶች ናቸው። አንደኛው የታመመ ልጅ አለው፤ ሜዳው ላይ ያገኘውን ውድ የአንገት ሐብልም ለማንም ሳይናገር ኪሱ ይከተዋል። ሞንታልባኖ ይህን ሲደርስበት ሕጉ የሚያዘውን አያደርግም፤ ልጁ የሚታከምበት መንገድ ይፈልጋል። ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ ወንድም ወይም ጎረቤት የሌለው የሐዋሳ ሰው ስንት ነው? የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሊቪያ፣ ጄኖቫ የምትኖረው ፍቅረኛው፣ ራስህን ከፖሊስነት ወደ አምላክነት ሾመሃል ብላ ትከሰዋለች። እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ፤ ሆኖም በእርሱ ቦታ ብሆን ሌላ ነገር አደርግ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ካነበብኳቸው ሁሉ የምወደው ሁለተኛውን፣ «የሸክላው ውሻ» የተባለውን ነው። በአንድ ዋሻ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በፊት የሞቱ ወንድና ሴት ተቃቅፈው ይገኛሉ፤ አጠገባቸው ሳንቲም ያለበት ሳህንና እንስራ ተቀምጧል፣ ከሸክላ የተሠራ ውሻም ይጠብቃቸዋል። ሞንታልባኖ የዚህን ምልክት ፍቺ ፍለጋ አዋቂዎችን ሲጠይቅ፣ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ብዙ ገጽ ይሄዳል። እኔ ግን ሳህኑና ውሻው እንደተጠቀሱ ጠረጠርኩ። በአያቴ ቤት የሰባቱ ደቂቀ ኤፌሶን ታሪክ ከስንክሳሩ ሲነገር ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ የዋሻውን ሰዎችና ውሻቸውን ከቁርኣን፣ ከሱረቱል ከህፍ ያውቋቸዋል። ታሪኩን ከሁለቱም ወገን እየሰማ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ መርማሪውን ቀድሞ ይገኛል። እንዲህ ያለ ደስታ ከአውሮፓ የወንጀል ልብ ወለድ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

በሦስተኛው፣ «የመክሰስ ሌባው» በተባለው መጽሐፍ፣ አንድ ጡረተኛ በሚኖርበት ሕንፃ አሳንሰር ውስጥ ተወግቶ ይሞታል፤ በሌላ በኩል ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት መክሰሳቸውን የሚቀማቸው ልጅ ተነሥቷል። ሁለቱን የሚያገናኘው ፍራንስዋ የሚባል፣ እናቱ የጠፋችበት የቱኒዚያ ሕፃን ነው። የዚህን መጽሐፍ ቅጂ የገዛሁት ከከተማችን መጽሐፍ አዟሪዎች ከአንዱ ሲሆን፣ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ የተጠረዘ ነበር። በመጨረሻ ሞንታልባኖ አንድ ኃያል ሰው ፊት ተቀምጦ ሒሳቡን ሊያወራርድ ሲል ወረቀቱ አለቀ። የመጨረሻዎቹ 16 ገጾች የሉም። ለሻጩ ብነግረው «እስከዚህ ያነበበ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ይሁን ሊያሾፍብኝ አልገባኝም። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ገጾቹን በስልኩ እያነሣ በቴሌግራም ላከልኝ፤ አሳትሜ ከመጽሐፉ ጋር አጣበቅኋቸው።

ስለ ትርጉሙ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። ካሚሌሪ የጻፈው በጥሩ ጣሊያንኛ ብቻ ሳይሆን የሲሲሊን የአገር ቤት ንግግር በብዛት እየቀላቀለ ነው፤ የስልክ ጠባቂው ካታሬላ ደግሞ የደወለውን ሰው ስም ሁሉ አዛብቶ የሚያቀርብ፣ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ልናገር ሲል ቃላቱን የሚያጨማልቅ ፖሊስ ነው። ሳርታሬሊ ብዙ ደክሟል፤ በየመጽሐፉ መጨረሻ የሚያስቀምጣቸው ማብራሪያዎችም ስለ ምግቡና ስለ መሥሪያ ቤቶቹ በደንብ ያስረዳሉ። እንግሊዝኛው ሊያደርገው ያልቻለውን ግን አማርኛ ያለ ድካም ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ። ጣሊያኖች እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» አላቸው። ሞንታልባኖ ከአንድ ተጠርጣሪ ጋር ከመከባበር ወደ መዳፈር የተሸጋገረበትን ቅጽበት እንግሊዝኛው ሲውጠው፣ በአማርኛ አንድ ግስ ብቻ ይበቃዋል። ማዕረጉም እንዲሁ ነው፤ የእንግሊዝኛው ተርጓሚ «ኢንስፔክተር» ያለው ሰው በጣሊያንኛ «ኮሚሳሪዮ» ሲሆን፣ የራሱን ጣቢያ የሚመራ አለቃ ነው፤ የእኛ አንባቢ ኮማንደር ብሎ ቢያስበው ይቀርበዋል። በተጨማሪም በጣሊያን የመንግሥት ፖሊስና ካራቢኒየሪ የሚባለው ወታደራዊ ፖሊስ ጎን ለጎን እንደሚሠሩ፣ ምርመራውን የሚመራው ደግሞ ዐቃቤ ሕግ እንደሆነ ያልተገነዘበ አንባቢ በየመጽሐፉ የሚነሣው ሽኩቻ ከየት እንደመጣ ግራ ይገባዋል።

ቤቱን የምታጸዳለትና ምግቡን አብስላ ማቀዝቀዣ ውስጥ የምትተውለት አዴሊና የሁለት ሌቦች እናት ናት። ሞንታልባኖ ልጇን ፓስኳሌን አስሮታል፤ ያው ፓስኳሌ ልጅ ሲወልድ ደግሞ የክርስትና አባት አድርጎታል። ይህን ዝምድና የእንግሊዝኛ አንባቢ እንደ ቀልድ ያልፈው ይሆናል፤ እኛ ግን አበልጅ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ተከታታዩ እንከን አልባ አይደለም። ካታሬላ በሩን በርግዶ የሚገባበት ቀልድ በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ያስቃል፣ በአምስተኛው ፈገግ ያሰኛል፣ በአሥረኛው ግን ገጽ ያስዘልላል። ከሊቪያ ጋር በስልክ የሚያደርገው ጭቅጭቅ አንድም ቀን ወደፊት ፈቀቅ ሳይል ዓመታት ይቆጥራል፤ ሴቲቱም ከድምፅ ያለፈ ሰውነት ተነፍጋለች። በኋለኞቹ መጻሕፍት ሞንታልባኖ አረጀሁ እያለ ያላዝናል፣ ቆንጆ ወጣት ሴቶች ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ይወዱታል፤ እንቆቅልሹም አንዳንዴ በሕልም ይፈታል። ወንጀሉን ከመርማሪው ጋር ተፎካክሮ ለመፍታት የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። በጣሊያን ቴሌቪዥን ከ1999 ጀምሮ የቀረበውን ድራማ አስቀድሞ ያየ ሰው ደግሞ ራሰ በራውን ተዋናይ ከአእምሮው አውጥቶ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ባለ ፀጉርና ባለ ጢም ሰው ማስገባት ይቸግረዋል።

ከኋለኞቹ መካከል በ2003 የወጣው ሰባተኛው መጽሐፍ ግን የተለየ ነው። ሞንታልባኖ አንድ ምሽት ወደቡ ላይ ስደተኞች ከጀልባ ሲወርዱ ይደርሳል። አንድ ሕፃን አምልጦ ይሮጣል፤ መርማሪው አሳድዶ ይይዘውና እጁን ይዞ እናቱ ነኝ ላለችው ሴት ያስረክበዋል። ልጁ ቀና ብሎ ያየዋል። ያ አስተያየት ምን ይለው እንደነበር ሞንታልባኖ የሚረዳው ከረፈደ በኋላ ነው። ከእኛ አካባቢ የሚነሡ ልጆች መንገዳቸው በአብዛኛው በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ቢሆንም፣ እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ የሚያሻግሩ ሰዎች የሚሉትን ነገር የሰማ ሁሉ ይህን ገጽ በቀላሉ አያልፈውም። እኔ መጽሐፉን አጥፌ ሁለት ቀን አስቀምጬዋለሁ።

ካሚሌሪ ኢትዮጵያንም በሌላ በኩል ነክቷታል። ከዚህ ተከታታይ ውጭ በ2010 ባሳተመው «ኢል ኒፖቴ ዴል ኔጉስ» (የንጉሡ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ) በተሰኘ ልብ ወለድ፣ በ1929 ከኢትዮጵያ ወደ ቪጋታ የማዕድን ትምህርት ቤት የመጣ አንድ መስፍን የፋሺስት ሹማምንቱን ሲያሯሩጣቸው ይታያል። በደብዳቤና በሰነድ መልክ የተጻፈ ፌዝ ነው፤ መነሻው ግን በሲሲሊ በማዕድን ትምህርት ቤት የተማረ እውነተኛ ኢትዮጵያዊ ነው።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ከ«የሸክላው ውሻ» ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ከመጀመሪያው እንዲነሣ ነው፤ መጻሕፍቱ አጫጭር ናቸው፣ አንዱ በሁለት ምሽት ያልቃል፤ ፍራንስዋም በኋላ የሚመለሰው ሦስተኛውን ላነበበ ሰው ነው። ቅጂ ስትገዙ የመጨረሻውን ገጽ ቁጥር ተመልከቱ። የእኔው «የመክሰስ ሌባው» አሁን አቶቴ ከምትኖር የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ ነው፤ ትናንት ደውላ «የተጣበቁት 16 ገጾች ላይ ደርሻለሁ፣ አትንገረኝ» ብላ ዘጋችብኝ።