ራጃዳምነን ስታዲየም፦ ርካሹን ወንበር ያዙ

ባንኮክ ሄዳችሁ የሙዋይ ታይ፣ ማለትም በእግር፣ በክርንና በጉልበትም የሚመታበትን የታይላንድ ቡጢ ግጥሚያ ማየት ካማራችሁ ራጃዳምነን ስታዲየም ግቡ። ሪንጉ ሥር ያለውን ውድ ወንበር ግን ተዉት።

እኔ ቡጢ የሚባል ነገር አልወድም። የጎተተኝ አጎቴ ነው። እንደ ብዙ አበሻ ለሕክምና ሄደን፣ ናና ሰፈር አርፈን የምርመራ ውጤት እንጠብቃለን። ጋሼ በወጣትነቱ ቦክስ ሞካክሯል፤ ስለዚህ ሌላ የሚታይ ነገር አልታየውም። ያረፍንበት ቤት በር ላይ የሚቆም አንድ ደላላ «ሪንግ ዳር፣ ሪንግ ዳር» እያለ ነፍሳችንን ሊያወጣት ነበር። የሚጠራው ዋጋ ከስታዲየሙ መስኮት ጋር አይገናኝም። ትኬት ከራሱ ከስታዲየሙ ግዙ። እዚያም ቢሆን ሪንግ ዳር ለውጭ ዜጋ ከ2,000 ባት በላይ ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ይቀንሳል።

እኛ ላይ ወጣን። ቁማርተኞቹ ያሉት እዚያ ነው። ታች ያለው ቱሪስት ፎቶ ያነሳል፣ ላይ ያለው ሰው ገንዘቡን አስይዟል። ልዩነቱ ይሰማል። በባህላዊው ግጥሚያ ዙሩ አምስት ነው፣ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ፣ በመሀል 2 ደቂቃ እረፍት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው። ጋሼ «ምነው እነዚህ ፈሩ እንዴ?» አለ። አልፈሩም፣ እየተለካኩ ነው። ሦስተኛው ሲጀምር አካባቢያችን ተነሳ። በጣት ምልክት ውርርድ ተቀያየረ፤ የጉልበት ምት ባረፈ ቁጥር ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ኦይ!» ይላል። ነጥቡ የሚለየው በሦስተኛውና በአራተኛው ነው። በአምስተኛው አሸናፊው ከታወቀ ሁለቱም ዝም ብለው ሪንጉን ይዞራሉ። ይህንን የማያውቅ ተመልካች ተታለልኩ ብሎ ይወጣል።

ከግጥሚያው በፊት ያለው ሥርዓት እንዳያመልጣችሁ፤ በጊዜ ግቡ። ተፋላሚው ጭንቅላቱ ላይ ሞንግኮን የሚሉትን ጥምጥም አድርጎ ሪንጉን ይዞራል፣ ይንበረከካል፣ ይሰግዳል፣ ቀስ ብሎ ይጨፍራል። ዋይ ክሩ ነው፣ ለመምህሩ የሚሰጠው ክብር። ሲጨርስ ሞንግኮኑን ከራሱ ላይ የሚያወርድለት አሰልጣኙ ነው። ሙዚቃው ከበሮ፣ ትንንሽ የናስ ጸናጽልና ጆሮ የሚበሳ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ፍልሚያው ሲፈጥን እሱም ይፈጥናል። ጋሼ ሰላምታ ሳይሰጥ ደጅ የሚያልፍ የሰፈር ልጅ ሁሉ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ምሽቱን ያጣፈጡልኝ ግን አጠገባችን የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛቸው ስብርባሪ ነው፣ የእኛም ከዚያ አይሻልም። የዘመኑ ሁሉ ምርጥ ማነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሳማርት!» አሉ ሳያመነቱ። ሳማርት ፓያካሩን በሙዋይ ታይ ሁሉን ጨርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በቦክስም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ደግሞ ዘፋኝና ተዋናይ ሆነ፤ መልኩም ቀላል አልነበረም። ከኋላችን አንዱ ዘሎ ገባ፦ «ዲሰልኖይ!» በ1982 ሳማርትን ያሸነፈው ያ ቀጭን ረጅም ሰው፣ የጉልበቱ ምት ተፈርቶ ተጋጣሚ እስኪያጣ ድረስ የደረሰ። ሁለቱ በታይኛ ተያያዙ። ሦስተኛው ካኦሳይ ጋላክሲን ጣለባቸው፤ የዓለም የቦክስ ቀበቶውን 19 ጊዜ ያስጠበቀ ግራኝ። ሪንጉ ላይ ያለውን ረሱት።

ሽማግሌው ሶምላክ ካምሲንግን ሲጠሩ ጋሼም ድርሻውን አገኘ። ሶምላክ ለታይላንድ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣ ቦክሰኛ ነው፣ አትላንታ 1996። «የኃይሌና የፋጡማ ኦሎምፒክ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ኃይሌን ያውቁታል። ከዚያ በኋላ እኔ ትርፍ ሰው ሆንኩ።

እዚያው ስታዲየም ቅዳሜ የሚካሄደው ራጃዳምነን ወርልድ ሲሪስ የሚሉት ውድድር ሌላ ነገር ነው። መብራት፣ ትልልቅ ስክሪን፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዙር ብቻ። ለጀመረ ሰው አይከፋም፣ ቶሎ ያልቃል፣ ለፎቶም ይመቻል። ለእኔ ግን ያ የሁለት ዙር መለካካት ከሌለ ምን ቀረ? ስታዲየሙ እ.ኤ.አ. በ1945 የተከፈተ ቤት ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግንባታውን አዘግይቶት። ከመብራቱ ይልቅ ጫጫታው ነው የሚያምርበት።

ለረጅም ጊዜ ሴት ሪንጉን እንድትነካ እንኳ አይፈቀድም ነበር። አሁን ሴቶችም እዚያው ይፋለማሉ። ደስ ብሎኛል።

ያልተዋጠልኝ አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ተፋላሚዎች ኢሳን ከሚባለው ድሃ የገበሬ አገር፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጡ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ይጀምራሉ፣ የሚያገኙትን ለቤተሰብ ይልካሉ። ታላቁ ተፋላሚ ቡዋካውም መነሻው ከዚያው፣ ከሱሪን ነው። አንድ ልጅ ክርን ቀምሶ ቅንድቡ ሲተረተር ጋሼ «በቃው እንጂ!» ብሎ በአማርኛ ዳኛውን ተቆጣ። ዳኛው አልሰማም። እኔም ፊቴን አዞርኩ። ልባችሁ ደካማ ከሆነ ይህንን አስቡበት።

ሲወጡ በር ላይ የተደረደሩት ቱክቱኮች ዋጋ ይቆልላሉ። ተከራከሩ፣ ካልሆነ ትንሽ ራመድ ብላችሁ ሜትር የሚያበራ ታክሲ ያዙ። እኛ በሁለተኛው መንገድ ተመለስን፤ ጋሼ ሹፌሩንም ሳማርት ወይስ ዲሰልኖይ ብሎ ጠይቆታል።