ስታንሊ ፓወርሎክ 5 ሜትር፦ «ግድም» ስንት ሚሊሜትር ነው?

የማይሳሳት ሜትር የለም። ጥሩው ሜትር እስከ ስንት ሊሳሳት እንደሚችል ራሱ ላይ ተጽፎበት ይመጣል፤ ስታንሊ ፓወርሎክ ባለ 5 ሜትሩም (ባለ 19 ሚሊሜትር ስፋት) ከእነዚህ አንዱ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ጥብጣቡ መጀመሪያ አካባቢ በሞላላ ክብ ውስጥ የሮማ ቁጥር 2 አለበት። ክላስ (የትክክለኛነት ደረጃ) 2 ማለት ነው።

በአውሮፓ ደንብ የክላስ 2 የተፈቀደ ስህተት 0.3 ሚሊሜትር፣ በዚያ ላይ በየሜትሩ 0.2 ነው። ጎዶሎ ሜትር እንደ ሙሉ ይቆጠራል፤ 2.40 የሆነ የበር ፍሬም እንደ 3 ሜትር ተይዞ ±0.9 ይሆናል። 5 ሜትር ላይ ±1.3 ይደርሳል። በዚያው ርዝመት ክላስ 1 ±0.6፣ ክላስ 3 ደግሞ ±2.6 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ አንዱ ክላስ 2 ሜትር በ1.3 ቢያስረዝም፣ ሌላው በ1.3 ቢያሳጥር ሁለቱም ደንቡን ጠብቀዋል፤ በመካከላቸው ግን 2.6 ሚሊሜትር አለ። ስለዚህ ቤት ሄዶ የሚለካውና ወርክሾፕ የሚቆርጠው የየራሳቸውን ሜትር ከያዙ ፍሬሙ አልገባም ሲል መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። ለአንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሜትር ይያዝ። ምልክት የሌለው ሜትር «ግድም»ው ስንት እንደሆነ የሚያውቅለት የለም።

ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ሲነቃነቅ አይተው «ላልቷል» ብለው በመዶሻ የሚያጠብቁ አሉ። ሜትሩን የሚገድሉት እነሱ ናቸው! መንጠቆው ሆን ተብሎ በራሱ ውፍረት ልክ ወደፊትና ወደኋላ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው፦ ጣውላ ላይ አንጠልጥለው ሲስቡት ይወጣል፣ ግድግዳ ላይ ሲገፉት ይገባል፤ በሁለቱም ዜሮው ቦታውን አይለቅም። ሜትሩ በሙሉ ኃይሉ ተፈናጥሮ እንዲገባ ከተለቀቀ ግን የሪቬቶቹ ቀዳዳ ይሰፋል፣ መንጠቆውም ይጣመማል።

ለመፈተሽ የ30 ሳንቲ የብረት ማስመሪያ ይበቃል። መንጠቆውን የማስመሪያው ዜሮ ጫፍ ላይ አንጠልጥለው ይሳቡና 20 ሳንቲ ላይ መስመሮቹ መግጠማቸውን ይዩ። ቀጥሎ ማስመሪያውንም ሜትሩንም ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ አስጠግተው ይድገሙት። በአንዱ ገጥሞ በሌላው ካልገጠመ ችግሩ መንጠቆው ነው። እስኪቀየር ድረስ ከ10 ሳንቲ ጀምሮ መለካት ይቻላል። 80 ለመቁረጥ 90 ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ይህን የረሳ 10 ሳንቲ ያጠረ እንጨት ይዞ ይቀራል።

ሙቀትም አለ። ሜትር ልኩ የሚያዘው በ20 ዲግሪ ነው። ሎጊያ ወይም ዱባይ ላይ ጥብጣቡ 40 ዲግሪ ሲደርስ 5 ሜትሩ ወደ 1.2 ሚሊሜትር ይረዝማል። የሚለካው ብረት ከሆነ እሱም እኩል ስለሚረዝም ብዙም አያሳስብም። አሉሚኒየም ግን የሚረዝመው የብረትን እጥፍ ያህል ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ፕሮፋይል ሳይቀዘቅዝ አይለካ።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ጥብጣቡ ማይላር (ጠንካራ ስስ ፕላስቲክ) የተለበጠ ስለሆነ ቁጥሩ ቶሎ አይፋቅም፤ ሲሚንቶና አሸዋ ሳይጠረግ ከተጠቀለለ ግን እሱም አይችልም። ማቆሚያው አጥብቆ ይይዛል። ድክመቱ ስፋቱ ነው፦ አየር ላይ ወደ 2 ሜትር ግድም ሲዘረጋ ይታጠፋል፤ ኮርኒስ ብቻውን ለሚለካ ሰው ባለ 25 ሚሊሜትሩ ይሻላል። በአንዱ ጠርዝ ኢንች ያለበትን አለመግዛት ነው፤ በጥድፊያ የተሳሳተውን ጠርዝ ማንበብ ቀላል ነው። የውስጥ ልክ ሲወሰድ የሜትሩ ቤት ርዝመት ላዩ ላይ ተጽፏል፣ እሱን መደመር ነው። የበለጠ የሚታመነው ግን ከአንዱ ጥግ ልክ 1 ሜትር ላይ ምልክት አድርጎ ቀሪውን ከሌላው ጥግ መለካት ነው።

አስመስለው የተሠሩ ስላሉ ሱቅ ውስጥ ጥብጣቡን ስበው ይዩ፦ ከክላሱ ሌላ የሲኢ ምልክት (የአውሮፓን ደንብ ማሟላቱን የሚገልጽ)፣ አጠገቡ በአራት ማዕዘን ውስጥ «ኤም» የተባለው የላቲን ፊደል ከዓመቱ ሁለት የመጨረሻ አሃዞች ጋር፣ ከዚያም ባለአራት አሃዝ ቁጥር መኖር አለበት። ለአናጺና ለቧንቧ ሠራተኛ ክላስ 2 በቂ ነው። መስታወት፣ ግራናይትና አሉሚኒየም የሚቆርጥ ግን ጨመር አድርጎ ክላስ 1 ይግዛ።