ለውሻ አጥንት ስትገዙ፦ ጎድን ወይስ ቅልጥም? ጥሬ ወይስ ብስል? የሉካንዳ ወይስ የፋብሪካ?

ሉካንዳ ገብታችሁ «የውሻ አጥንት አለ?» ስትሉ የቆራጩ እጅ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ሥጋው ተገፎ ወዳለቀው የቅልጥም ክምር። ርካሽ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ውሻውም ግማሽ ቀን ሲታገለው ይውላል። እኔም ለዓመታት የገዛሁት ይህንኑ ነበር። ውሻዬ መቻል አራት ዓመት ሲሞላው በቀኝ በኩል ማኘክ አቆመ። ሐኪሙ ከንፈሩን ገለጥ ሲያደርገው የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርሱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ውስጡ ይታያል። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ተነቀለ። ለዚያች አንዲት ጥርስ በከፈልኩት ገንዘብ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥሩ የፍርምባ አጥንት እገዛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አጥንት የምገዛው መርጬ ነው። እዚህ የማነጻጽረውም አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘውን ነው፤ ውጭ አገር ላላችሁም የሚሆን ነገር መሐል ላይ አለ።

ክርክሩ ከየት መጣ?

ሥጋ ያልተለየው ጥሬ አጥንት የውሻ ዋና ምግብ ይሁን የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጥብቀው የገፉት አውስትራሊያውያኑ የእንስሳት ሐኪሞች ኢያን ቢሊንግኸርስትና ቶም ሎንስዴል ናቸው። መከራከሪያቸው ቀላል ነው፤ የውሻ ጥርስና ሆድ የተሠራው ለመቅደድና ለመቆርጠም እንጂ ከፋብሪካ ለሚወጣ ደቃቅ ፍሬ አይደለም ይላሉ። በሌላው ወገን የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ባወጣው አቋም በጀርም ምክንያት ለቤት እንስሳት ጥሬ ሥጋ እንዳይሰጥ መክሯል።

እኔ ሁለቱም የያዙት እውነት አለ ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ብራዚል ውስጥ ቢግል በሚባሉ ውሾች ላይ በተደረገ ጥናት ጥሬ የከብት አጥንት መቆርጠም ጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቢጫ ቅርፊት በሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ በእጅጉ ቀንሶታል። ሥጋ ብቻውን ደግሞ ጉድለት አለበት፤ በውስጡ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ አሥራ አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። አጥንት ያንን ያመጣጥናል። ጀርሙም ግን እውነት ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥሬ ከብስል

ይህ አያከራክርም። የተቀቀለ፣ የተጠበሰ ወይም ወጥ ውስጥ የዋለ አጥንት ለውሻ አይሰጥም። ጥሬ አጥንት ውስጡ እርጥበት ስላለው ሲነከስ ይለጠጣል፣ ይደቅቃል። እሳት ካየ በኋላ ግን ይደርቅና ሹል ሆኖ ይሰነጠራል፤ ጉሮሮ ይወጋል፣ አንጀት ይበሳል። የፋሲካ ማግስት የዶሮ ወጥ አጥንት ደግሞ ሁለት አደጋ በአንድ ነው፤ ስንጥሩ አለ፣ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ አለ። ሁለቱም ሽንኩርቶች የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ከገበታ የተረፈውን ሰብስቦ ለውሻ መድፋት ደግነት ይመስላል። እባካችሁ ከድናችሁ ጣሉት።

ጎድንና ፍርምባ ከቅልጥም

ዋናው ምርጫ እዚህ ጋ ነው። ገንዘብ የሚባክነውም፣ ጥርስ የሚሰበረውም እዚሁ ነው።

ቅልጥም የበሬን ሙሉ ክብደት የተሸከመ አጥንት ነው፤ የውሻን ጥርስ ለመስበር የሚበቃ ጥንካሬ አለው። በተለይ ጉልበተኛ ውሻ፣ ለምሳሌ ጀርመን ሼፐርድ፣ በጎን መንጋጋው አስገብቶ ሲጨምቀው መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ጥርሱ ነው። ለቅቅል ተብሎ በመጋዝ እንደ ቀለበት የተቆረጠው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ውሻው መቅኒውን ሊልስ ሲታገል ቀለበቱ ከክራንቻው አልፎ ታችኛው መንጋጋው ላይ ይጠልቅና ብዙ ጊዜ በሐኪም መጋዝ ካልሆነ አይወጣም። መቅኒው ራሱ አብዛኛው ስብ ስለሆነ ያልለመደ ውሻ በአንዴ ሲበላው ያስቀምጠዋል፤ ሲከፋም ቆሽቱን ያስቆጣበታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያገኘው ምግብ ከጥቂት መቅኒ አያልፍም፤ አጥንቱ እንዳለ ቀርቶ ግቢ ውስጥ ዝንብ ይሰበስባል።

ፍርምባ ተቃራኒው ነው። አጥንቱ ስስ፣ ጫፉ ለምጭምጭ፣ ሥጋውና ስቡ በመጠኑ። ውሻው ይቀደዋል፣ ይጎትተዋል፣ ቀስ ብሎ ሁሉንም ይጨርሰዋል። ጥርስ የሚያጸዳውም ይኸው መቅደድና መጎተት እንጂ ድንጋይ እንደሚነክሱ መንከስ አይደለም። ጎድን በመካከል ነው፤ የወይፈን ጎድን ጥሩ ሲሆን ለዓመታት ሲያርስ ኖሮ የታረደ በሬ ጎድን ግን ወደ ቅልጥም ይጠጋል። ጭራም ለመካከለኛ ውሻ መልካም ነው፤ ሰው ለሾርባ ስለሚሻማበት ብቻ ውድ ነው።

ስትገዙ አንድ መፈተኛ ያዙ። አጥንቱን በጥፍራችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ትንሽም ካልሰረጎደ ለጥርስ ጠንካራ ነው። የጥርስ ሕክምና የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ የራስህን የጉልበት ሎሚ ብትመታበት የሚያምህን ነገር ለውሻህ አታስቆርጥም። ቅልጥም በሁለቱም ይወድቃል።

ዋጋው? ፍርምባ በኪሎ ይበልጣል፣ አዎ። ግን የቅልጥም ኪሎ አብዛኛው የማይበላ ነው፤ የፍርምባው ኪሎ ሁሉ ሆድ ይገባል። ሒሳቡን እንዲህ ስትሠሩት ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

የበሬ አንገትም ሥጋ የበዛበት ጥሩ አጥንት ነው፤ ሆኖም ከማንቁርቱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ አስነሡ። የእንቅርት ዕጢ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ደጋግሞ የሚበላው ውሻ የዕጢው ሆርሞን በደሙ ውስጥ ይበዛበትና እየበላ ይከሳል፣ ዕረፍት ያጣል።

የዶሮ አንገት፣ ክንፍና እግር

የፈረንጅ ዶሮ በየብልቱ ቆራርጠው የሚሸጡ ቤቶች አንገትና እግሩን ለብቻ በርካሽ ይሰጣሉ። ለትናንሽ ውሾች መጠኑ ልክ ነው፤ አጥንቱም ለስላሳ ነው። ለትልቅ ውሻ ግን አንገት አንዴ ጎርሶ የሚውጠው ስለሆነ ይታነቃል። ደንቡ አጥንቱ ከውሻው አፍ ይብለጥ ነው፤ መዋጥ የሚችለውን ነገር አትስጡት።

ክንፍ ወደ ግማሽ የሚጠጋው አጥንት ስለሆነ ብቻውን የቀን ምግብ ሲሆን ያደርቃል። ውሻው ሲያምጥ ካያችሁት፣ የሚወጣውም እንደ ኖራ ነጭና ፍርክስክስ ያለ ከሆነ አጥንት በዝቷል። ከጠቅላላ ምግቡ ንጹሕ አጥንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበቃል።

ስለ ዶሮ አንገት ሳልደብቅ የምነግራችሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጥሬ ዶሮ መብላትን፣ በተለይም አንገትን፣ ከኋላ እግር ጀምሮ ውሻን ከሚያሽመደምድ የነርቭ በሽታ ጋር አያይዞታል። ምክንያቱ ካምፒሎባክተር የሚባለው ጀርም ሳይሆን እንዳልቀረ ነው የሚጠረጠረው። በሽታው ብርቅ ነው፤ አብዛኞቹም ውሾች በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይድናሉ። እኔ ግን ይህን ካነበብኩ በኋላ ለቡቺ፣ ለትንሿ ውሻዬ፣ የዶሮ አንገት መስጠት ትቼ የበግ ጎድን አደረግሁላት።

በግና ፍየል፣ የውስጥ ዕቃውም

የበግ ጎድን ለትንሽና ለመካከለኛ ውሻ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ስስ ነው፣ ሥጋ አለው፣ ቶሎ ያልቃል። ይዞት የሚመጣው ትል ግን ከዝርዝሩ ሁሉ አስጊ ነው።

ከበሬ ልጀምር። እኛን ከጥሬ ሥጋ የሚይዘን የኮሶ ትል ሰው ውስጥ እንጂ ውሻ ውስጥ አያድግም። በግና ፍየል ላይ ግን ውሻ የሚያሳድጋቸው ትሎች አሉ። በግን ዞሮ ዞሮ የሚጥለው አዙሪት የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ውሻው የታመመውን በግ ጭንቅላት ይበላል፣ ትሉን በአንጀቱ ያሳድጋል፣ በእዳሪው መስኩ ላይ ይበትነዋል፣ ሌላው በግ ይግጠዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ጉበትና ሳንባ ላይ የምናየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። በዓል ላይ ግቢ ውስጥ ስናርድ «ይሄ አይበላም» ብለን የምንወረውርለት ለማን ነው? ለውሻው። ከረጢቱ ውስጥ ያሉት የትል ፅንሶች ውሻው አንጀት ውስጥ አድገው ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ዕንቁላል መጣል ይጀምራሉ። ዕንቁላሉ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ልጆች ይደባብሱታል፣ እጃቸው ወደ አፍ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ውስጥ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። ውሻው ራሱ ምንም አይታይበትም።

ኒውዚላንድ ይህን በሽታ የተዋጋችው በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ውሻ ጥሬ የበግ የውስጥ ዕቃ እንዳይቀምስ ከለከለች፤ ኋላም ውሾችን በየስድስት ሳምንቱ መድኃኒት ስትሰጥ ቆይታ በ2002 ከበሽታው በጊዜያዊነት ነጻ መሆኗን አስታወቀች። አሁንም እዚያ የበግ ሥጋ ለውሻ ከመሰጠቱ በፊት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚበርድ ቦታ 10 ቀን እንዲቆይ ይመከራል።

እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። ጥሬ ጉበት፣ ሳንባና ጭንቅላት በጭራሽ፤ ጉበት ከሰጠሁ ግማሽ ሰዓት ፈልቶ ነው። ከረጢት ያለው ተቃጥሎ ወይም በጥልቅ ተቆፍሮ ይቀበራል። የበግ አጥንት ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ 10 ቀን ሳይሞላው አይወጣም፤ መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ውሾቹ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት በየስድስት ሳምንቱ ይወስዳሉ። በረዶ የሚገድለው ትሉን እንጂ ሳልሞኔላ የሚባለውን ጀርም አይደለም፤ ስለዚህ አጥንቱ የሚበላው ሊታጠብ በሚችል ሲሚንቶ ላይ ነው፣ ሳህኑ ለብቻው ነው፣ እጅ በሳሙና።

ሉካንዳ ከፋብሪካ

ከውጭ የሚገባው ደረቅ ምግብ ውድ ነው፤ ምንዛሪ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል፣ አንዳንዴም ከገበያ ይጠፋል። ግን በአንድ ነገር ሉካንዳውን ይበልጠዋል፤ ተመጣጥኗል። በተለይ ለትልቅ ዝርያ ቡችላ ልዋጭ የለውም እላለሁ። የእነዚህ ቡችሎች ሰውነት የበዛውን ካልሲየም መመለስ አያውቅበትም፤ አጥንት ሲበዛበት እግሩ ይጣመማል፣ ሥጋ ብቻ ሲበላ ደግሞ አጥንቱ ይሳሳና በትንሽ ዝላይ ይሰበራል። ከረጢቱ ላይ ለትልቅ ዝርያ ቡችላ መሆኑ የተጻፈውን ግዙና እስኪያድግ ታገሡ።

ሱፐርማርኬት ውስጥ በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን የተጨሰና የደረቀ አጥንት ግን አትንኩት። እሳት ያየ አጥንት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለነዚህ ሲያስጠነቅቅ ወደ 68 የሚጠጉ አቤቱታዎች እንደደረሱትና 15 ውሾች እንደሞቱ ገልጾ ነበር።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ ከነአጥንቱ ተፈጭቶ በረዶ የሆነ ጥሬ ምግብ። ለሉካንዳ አጥንት ጊዜ ለሌለው ይመቻል፤ ጥርስ ግን አያጸዳም፣ የተፈጨ ነውና። ስትገዙ «የተሟላ ምግብ» የሚለውን ከ«ተጨማሪ ምግብ» ለዩ፤ በከፍተኛ ግፊት ጀርሙ የተቀነሰለትንም ምረጡ። ቤት ውስጥ ድመት ካለች ተጠንቀቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ያለበት ጥሬ ምግብ በልተው የሞቱ ድመቶች ነበሩ፤ በረዶም ቫይረሱን አይገድለውም።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ጤነኛ፣ ጥርሱ የተሟላ ጎልማሳ የግቢ ውሻ ካላችሁ፦ የዘወትር ምግቡ እንዳለ ሆኖ በሳምንት ሁለቴ ፍርምባ ወይም የወይፈን ጎድን። ትንሽ ውሻ ከሆነ በረዶ ውስጥ የከረመ የበግ ጎድን። ያለ ማላመጥ የሚውጥ ከሆነ አንድ ትልቅ ቁራጭ ስጡትና አጠገቡ ቁሙ፤ ሳይዋጥ የቀረውን ጉርድ ውሰዱበት። ሁለት ውሾችን አንድ ላይ አታብሉ፤ መሻማት መዋጥ ያስከትላል።

ቤታችሁ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው ካለ ጥሬውን ሙሉ በሙሉ ተዉት። አጥንቱ የለቀቀውን ሥጋ ቀቅላችሁ ከሩዝ ጋር ስጡ፤ ለካልሲየሙ የዕንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ እንደ ዱቄት ፍጩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ወደ 2,000 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ መጠኑን በውሻው ክብደት ሐኪም ይወስንላችሁ። ቆሽቱን አሞት የሚያውቅ ወይም ጥርሱ የረገፈ አሮጌ ውሻም ከዚሁ ይመደባል።

መግዣውን በተመለከተ፦ ረቡዕና ዓርብ በጾሙ ምክንያት የሉካንዳው ገበያ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማክሰኞና ሐሙስ ግዙ። ለዓቢይ ጾም 55 ቀን ግን ፍሪዘራችሁን አስቀድማችሁ ሙሉ፤ አለዚያም የሙስሊም ሉካንዳ ደንበኛ ያዙ፤ እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ። ቆራጩን «የውሻ አጥንት» አትበሉት፤ እንደዚያ ካላችሁት ቅልጥሙን ያነሣል። «ወንድሜ፣ ፍርምባ ከነአጥንቱ፣ ሥጋውን አትግፈፍልኝ፣ ክንድ በሚያህል ቁራጭ» በሉት። በገጀራ እንዲቆርጠው ጠይቁ፤ መጋዙ አጥንቱን ጠርዘ ስለታም ያደርገዋል፣ ገጀራው ደግሞ ስንጥር ሊተው ስለሚችል እቤት ስትደርሱ ጫፉን በጣታችሁ ዳስሱና የተላቀቀውን ልቀሙ። ከዚያ በየቀኑ ድርሻ በፌስታል ቋጥራችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ ወደ በረዶ።