የእሁድ ገበያችን፦ ሚዛኑ ልክ፣ ቦታው ጠባብ

ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ስድስት ጠረጴዛ ናት፤ ሰው የሚያውቃት በአሳ ዱለቷ ነው። ስለዚህ ገበያ የምወጣው ለሽርሽር አይደለም። ሁለት ዘንቢልና አንድ ባልዲ ይዤ ነው። ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ የሚቆመው የእሁድ ገበያ ከተጀመረ ወዲህ፣ ከፋሲካ ዕለትና ከወንድሜ ሠርግ በቀር ቀርቼበት አላውቅም።

መጀመሪያ ደጉን ላውራ። ሚዛኑን። በሩ አጠገብ የማንም ነጋዴ ያልሆነ አንድ ሚዛን ተቀምጧል። የገዛችሁትን እዚያ ደግማችሁ ትመዝናላችሁ። ጎድሎ ከተገኘ አስተባባሪው ራሱ ይዟችሁ ይመለሳል፤ ነጋዴው ይሞላል። ከደገመው የሚቀጥለው እሁድ ቦታ የለውም። ሌላ ቦታ ለዓመታት «ኪሎ» እያልኩ የገዛሁት ሽንኩርት 800 ግራም እንደነበር የገባኝ እዚህ ነው። ንዴቴን ተዉት። ሕዝቡ እንዲህ የሚጎርፈው በዋጋው ብቻ አይመስለኝም፤ በዚች ሚዛን ነው።

ሽንኩርቱ ከፎገራ፣ ድንቹና አቮካዶው ከመራዊ በኩል ከቆጋ መስኖ ይመጣል። የሚያመጣው ገበሬው ወይም ማኅበሩ ስለሆነ መሃል ገብቶ የሚቆርጥ ደላላ የለም። ከዘጌ ቡናና ጌሾ ይዘው የሚመጡ እናቶችም አሉ። በኪሎ ሽጡ ተብለው ስንት ጊዜ ተለመኑ፤ እስከ ዛሬ በጣሳ ነው። እነሱን የደፈረ አስተባባሪ አላየሁም።

አሳ ከፈለጋችሁ ማለዳ ድረሱ። ቆሮሶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ አይገኝም፤ ከዚያ የሚተርፈው አምባዛ ነው። ዓይኑ ጥርት ያለውን፣ ጉንጩን ገለጥ ስታደርጉት ውስጡ ደም የመሰለውን ምረጡ። 3 ሰዓት ካለፈ ግን እኔ አልገዛም። በረዶ የለም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ በሁዳዴ የአሳው ሰልፍ ከግቢው ወጥቶ አስፋልት ይደርሳል።

አሁን ወደ ክፉው። ሲጀመር ድንኳኖቹን ቆጥሬያቸው ነበር፤ 24 ነበሩ። አሁን መቁጠሩን ትቼዋለሁ። መተላለፊያ የነበረው ሁሉ ሸራ ተነጥፎበታል። ግንቦት ላይ 30 እንቁላል ይዤ ስወጣ ጋሪ ገፊው «ዞር በሉ!» አለ። ወዴት ልዙር? 11 እንቁላል ይዤ ቤት ገባሁ። ክረምት ሲሆን ደግሞ ዋልካው ጫማ ይነቅላል። ቦኖው አንድ ነው፤ የአሳ አጣቢዎቹ ውሃ በቀጥታ ወደ በርበሬ ሻጮቹ ይወርዳል። የሽንት ቤቱ ቁልፍ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው፤ ዘበኛውን ማግኘት የእናንተ ፋንታ ነው። በሩ ላይ ባጃጆቹ ተቆላልፈው ቆመው ጥሩምባ ይነፋሉ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፊ ሜዳ ይሰጠው የሚል ወሬ አለ። እኔ አልደግፍም። ከሽንኩርቱ ያተረፍኩትን ለባጃጅ ልከፍል? በጀልባ መጥተው ከወደቡ ጌሾ ተሸክመው የሚደርሱት የዘጌ እናቶችስ? እኔ እንደማየው ግማሹ ችግር የቦታ፣ ግማሹ የሰዓት ነው። አሳው በጓሮ በር በኩል ይውጣ፣ ከሁሉም ቀድሞ ይጀመር፣ በጊዜ ይለቅ። ጋሪ ከ1 ሰዓት በኋላ አይግባ። ወደ ቅዳሜ ይከፈል የሚሉም አሉ፤ ቅዳሜ ግን ዋናው ገበያ ስላለ ገበሬው ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም።

ከ10 ስንት ትሰጪዋለሽ ብትሉኝ 7። ሚዛኑ ባይኖር 4 ነበር።

ይህን ሁሉ ለአስተባባሪው ነግሬዋለሁ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ «ጋሼ» ነው የምንላቸው፣ «ነግሬዋለሁ» ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «እንግዲያው ልጄ፣ እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነይና መስመሩን አንቺ አስምሪው» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ስደርስ ኖራውን በባልዲ በጥብጠው ጠበቁኝ።

አሰመርኩ። አሳውን ወደ ጓሮ በር ወሰድነው፤ መሃል ላይ ጋሪ የሚያሳልፍ መንገድ ተውኩ። ነጋዴዎቹ አጉረመረሙ እንጂ ተቀመጡ። እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ልቤ ሞልቶ ነበር። 2 ሰዓት ላይ አንዲት የዘጌ እናት ጌሾዋን መንገዴ መሃል ዘርግታ አገኘኋት። «ይሄ እኮ መተላለፊያ ነው እናቴ» ብላት፣ «እኔስ እያሳለፍኩ አይደል እንዴ፣ እታለም?» አለችኝና እግሯን ሰበሰበች።

ሁለት ጣሳ ቡና ገዝቻት ሄድኩ።