«ሙሉ ስብስብ» የሚባለውን ማሎሪዮን ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

የቆዩ የፋንታሲ ልብ ወለዶችን ኦንላይን የምትገዙ ወገኖች፣ በተለይ የዴቪድ ኤዲንግስን «ዘ ማሎሪዮን» የምትፈልጉ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ተጠንቀቁ። ለእኔ «ሙሉ» ተብሎ የተሸጠልኝ ሙሉ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሳይ ደግሞ ሌሎች ሻጮችም በዚያው መንገድ ጽፈው አግኝቻለሁ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከ1982 እስከ 1984 የወጣው «ዘ ቤልጋሪያድ» አለ፣ አምስት መጽሐፍ ነው። ጋሪዮን የሚባል እርሻ ላይ ያደገ ወላጅ አልባ ልጅ፣ ትንቢት የሚጠብቀው የንጉሥ ዘር መሆኑን የሚያውቅበት ታሪክ ነው። «ማሎሪዮን» የዚያ ተከታይ ነው። ልጁ አሁን ወጣት ንጉሥ ሆኗል፣ አግብቷል፣ ወልዷል። ከዚያ ሕፃኑ ይሰረቅበታል፣ እሱም ዙፋኑን ትቶ ፍለጋ ይወጣል። አንዳንዱ «የመጀመሪያውን ደገመው» ይላል፣ እውነት ነው መንገዱም ጓደኞቹም ይመሳሰላሉ፤ ግን ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ነገሩ እየተደገመ መሆኑን አስተውለው ምክንያቱን ይፈልጋሉ፣ እኔ በጣም የምወደውም ይሄንኑ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ማሎሪዮን አምስት መጽሐፍ ነው፦ «ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ዌስት» በ1987፣ «ኪንግ ኦፍ ዘ ሙርጎስ» እና «ዲመን ሎርድ ኦፍ ካራንዳ» በ1988፣ «ሶርሰረስ ኦፍ ዳርሺቫ» በ1989፣ «ዘ ሲረስ ኦፍ ኬል» በ1991። አሜሪካ ውስጥ ዴል ሬይ የሚባለው አሳታሚ በ2005 እነዚህን አምስቱን በሁለት ወፍራም ጥራዞች አሳተማቸው። የመጀመሪያው ጥራዝ ሦስቱን ይይዛል፣ ሁለተኛው የቀሩትን ሁለቱን። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ ብቻውን ትልቅ መጽሐፍ ስለሆነና የተከታታዩ ስም ስላለበት፣ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ሰው «በቃ ሁሉም በአንድ ተጠርዟል» ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

እኔ የገዛሁበት ማስታወቂያ «ሙሉ ስብስብ» ይላል፣ ፎቶው ላይ አምስት መጽሐፍ ተደርድሯል። የመጣልኝ አንድ ጥራዝ ነው፣ ሦስት መጽሐፍ ብቻ። ሻጩን ስጠይቀው «የቀረው ሌላ ተከታታይ ነው» አለኝ። ይሄ ውሸት ነው! አራተኛውና አምስተኛው የዚሁ ታሪክ ቀጣይ ናቸው። ሦስተኛው መጽሐፍ ሲያልቅ ሕፃኑ ገና አልተገኘም፣ ታሪኩ ውስጥ እርስ በርስ የሚፎካከሩት ሁለት ትንቢቶች ገና አልተፋረዱም፤ ከሁለቱ አንዱን የምትመርጠው ባለራእይዋ ምርጫዋን የምታደርገው አምስተኛው ላይ ነው። ስለዚህ የጎደለው ተጨማሪ ነገር ሳይሆን የታሪኩ መቋጫ ነው፣ ለዚህ ነው የተናደድኩት።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። ቤልጋሪያድም በ2002 እንደዚሁ በሁለት ጥራዝ ታትሟል፣ ሦስትና ሁለት ተከፍሎ። የሁለቱንም ተከታታይ የመጀመሪያ ጥራዝ አጣምሮ «ቤልጋሪያድና ማሎሪዮን፣ ሁለቱም» ብሎ የሚሸጥ አይቻለሁ። ሲቆጠር ከአስሩ ስድስቱ ብቻ ነው፣ ሁለቱም ታሪክ መሃል ላይ ይቆረጣል። ያልጀመረ ሰው ደግሞ ይሄንን በጭራሽ ሊያውቅ አይችልም።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ከሁሉ በላይ ጠንቀቅ በሉ። አብዛኞቻችሁ አሜሪካ ያለ ዘመድ አድራሻ ላይ አስልካችሁ መንገደኛ እስኪገኝ ትጠብቃላችሁ። ብዙ የኦንላይን ገበያዎች ደግሞ ቅሬታ የሚቀበሉት ዕቃው ከደረሰ በኋላ ለ30 ቀን ገደማ ነው፣ የሚቆጠረውም አሜሪካ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ እንጂ አዲስ አበባ ሻንጣው ከተከፈተበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ዘመዳችሁ ዕቃውን በተቀበለበት ቀን ፖስታውን ከፍቶ የሽፋኑንና የማውጫውን ፎቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። አይታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። የመንገደኛ ኪሎ ስንት ልመና እንደሚጠይቅ ታውቁታላችሁ፣ ለጎደለ መጽሐፍ አታባክኑት።

ሻጭ ስታናግሩ «ሙሉ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው። የአምስቱን መጽሐፍ ስም ጽፋችሁ ላኩለትና «እነዚህ አምስቱም አሉ?» በሉት። መልሱን በገበያው የመልእክት ሳጥን ውስጥ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ በስልክ አይሁን፣ ክርክር ቢነሳ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ሳይሆን ራሱ የሚሸጠውን መጽሐፍ ጀርባውን አሰልፎ ያነሳው ፎቶ ይላክላችሁ። እምቢ ካለ ተዉት፣ ሌላ ሻጭ ሞልቷል። «ቀሪው ገና ይወጣል» ቢላችሁም እንዳትሰሙት፣ የመጨረሻው በ1991 ወጥቷል፣ ደራሲውም በ2009 አርፏል።

ቀድማችሁ የመጀመሪያውን ጥራዝ ገዝታችሁ የመመለሻ ጊዜው ያለፈባችሁ ደግሞ እንደገና «ሙሉ» የሚባል አትግዙ። ሁለተኛውን ጥራዝ ብቻውን ፈልጉ። ካጣችሁት «ሶርሰረስ ኦፍ ዳርሺቫ»ን እና «ዘ ሲረስ ኦፍ ኬል»ን ለየብቻ በታተሙት ትንንሽ መጻሕፍት ግዟቸው፣ ታሪኩ ያው ነው፣ ከሦስተኛው ካቆማችሁበት ይቀጥላል።